ለሚሚዬ፦ ስለ ሊና ሆርንና ስለዚያች የቤት ሠራተኛ

ሚሚዬ፣ የኔ ማር፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ?

በስልክ ለጠየቅሽኝ ነገር ወዲያው ያልመለስኩልሽ እንዲሁ ከአፌ የወጣውን እንዳልነግርሽ ብዬ ነው። ረጅም ቴክስት ማንበብ እንደማትወጂ አውቃለሁ፣ ግን ይቺን ቻይኝና አንብቢልኝ።

እንድትተውኚያት የሰጡሽ ካራክተር የቤት ሠራተኛ ናት። ስም የላትም። ሻይ ታቀርባለች፣ አንዴ «እሺ እመቤቴ» ትላለች፣ ያውም እንግሊዝኛሽን ሰበር አድርጊው ተብለሽ። «እማ፣ ብቀበለው ይከፋሻል?» አልሽኝ። ቤይሩት ሰው ቤት የሠራሁትን አስበሽ መሆኑ ገብቶኛል። በኔ በኩል አትጨነቂ። በዚያ ሥራ አፍሬ አላውቅም፤ የአያትሽ ቤት ጣራ የተቀየረው በዚያ ብር ነው። ግን ከመወሰንሽ በፊት ስለ አንዲት ሴት ላጫውትሽ። እሷም በወጣትነቷ ይኸው ያንቺ ጥያቄ ነው የመጣባት።

ስሟን እንኳ ታውቂዋለሽ። ኒው ዮርክ፣ 47ኛው ስትሪት ላይ፣ ትልልቆቹ ቲያትር ቤቶች ያሉበት ብሮድዌይ አጠገብ፣ ሊና ሆርን የሚል ቲያትር ቤት አለ አይደል? እሷ ናት፣ ዘፋኝና ተዋናይ። በ2022 ነው በስሟ የተሰየመው። ብሮድዌይ ላይ ቲያትር ቤት የተሰየመላት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። እኔ ያወቅኋት ግን ሥራ ላይ ነው፤ ዋሽንግተን ዲሲ የምንከባከባቸው አሮጊት እናት ዘፈኗን ሳይሰሙ ቁርስ አይቀምሱም ነበር። እሳቸው ሲያወሩልኝ ሲያወሩልኝ እኔም ለከፈኝና ያገኘሁትን ሁሉ ሳይና ሳነብ ኖርኩ።

የተወለደችው ብሩክሊን ነው፣ ጁን 30 ቀን 1917 (ቀኑን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ፣ እንዳይምታታብሽ)። ቤተሰቦቿ የተማሩና የተከበሩ ጥቁሮች ነበሩ። አያቷ ኮራ ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገለች ሴት ናት፤ ኤንኤኤሲፒ የሚባለው የጥቁሮች መብት ማኅበር ውስጥ ሊናን ገና በሁለት ዓመቷ አባል አደረገቻት፣ ፎቶዋም በማኅበሩ መጽሔት ወጣ። አስቢው፣ በሁለት ዓመት! እናቷ ደግሞ ተዋናይ እሆናለሁ ብላ ከከተማ ከተማ የምትዞር ነበረች። አባቷ ቴዲ ቁማርተኛ ነው፤ ሦስት ዓመት ሲሆናት ትቷቸው ሄደ። ይሄን ሰውዬ ያዢልኝ፣ እመለስበታለሁ። በዚያ ቤት መድረክ እንደ ቁም ነገር የሚታይ ሥራ አልነበረም። እኛ ጋ «ደሞ አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» እንደሚባለው ዓይነት፣ አክስትሽ አንቺን እንዳለችሽ።

በ16 ዓመቷ ትምህርቷን አቋርጣ ሃርለም ውስጥ ኮተን ክለብ የሚባል ቤት በጭፈራ ተቀጠረች። ቤቱ ያለው ጥቁሮች ሰፈር መሀል ነው። የሚዘፍነው ጥቁር፣ የሚጨፍረው ጥቁር፣ ተቀምጦ የሚያየው ግን ነጭ ብቻ። የዘፋኞቹ እናትና አባት ቢመጡ በር ላይ ነው የሚመለሱት። ከዚያ በኋላ ከባንድ ባንድ እየዞረች ዘፈነች። በ19 ዓመቷ አገባች፣ ጌይልና ቴዲ የሚባሉ ሁለት ልጆች ወለደች፣ ትዳሩ ፈረሰ፣ ሴቷ ከሷ ጋር ሆነች፣ ወንዱን አባትየው ወሰደው። ይህን ቶሎ የማልፈው ቀላል ሆኖ አይደለም፤ እኔም አንቺን ለአያትሽ ትቼ የሄድኩ ስለሆንኩ ብዙ መጻፍ ስለማልችል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። 1942፣ ሆሊውድ። ኤምጂኤም የሚባለው የዘመኑ ትልቁ ስቱዲዮ ሊያስፈርማት ፈለገ፣ የሰባት ዓመት ውል። ያኔ ሆሊውድ ውስጥ ጥቁር ሴት ማለት ወይ ወጥ ቤት ናት፣ ወይ ሞግዚት ናት፣ ወይ የእመቤቷን ቀሚስ ከኋላ የምትቆልፍ ናት። የኤንኤኤሲፒው ዋልተር ዋይት አጥብቆ መከራት፣ ይሄን በር አንቺ ክፈቺው አላት። አባቷስ? ያ ትቷት የሄደው ቁማርተኛ አምሮበት ለብሶ መጣና አብሯት ሉዊስ ሜየር ቢሮ ገባ። ሜየር ማለት የስቱዲዮው ንጉሥ ነው፤ በሱ አንድ ቃል ስንቱ ኮከብ ይሆናል፣ ስንቱ ይጠፋል። ቴዲ ሆርን ምንም ሳይርበተበት፣ ለልጄ የቤት ሠራተኛ መቅጠር እችላለሁ፣ ፊልም ላይ የሌላ ሰው ሠራተኛ ሆና እንድትታይ አልፈልግም የሚል ነገር ነገረው። እኔ ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ሳቄ ይመጣል። አባት ሆኖ ያላሳደገ ሰው ለአንዲት ከሰዓት ብቻ አባት ሆነ፣ ያቺም ከሰዓት ዕድሜ ልኳን በቃቻት። ውሉ የተፈረመው ሠራተኛ ሆና እንዳትሠራ ተብሎ ነው።

ታዲያ ሁሉም አጨበጨበላት እንዳይመስልሽ። ሆሊውድ የነበሩት ጥቁር ተዋንያን ተቆጡ። እኛ በሠራተኛ ሚና ነው ልጆቻችንን የምናሳድገው፣ አንቺ ማነሽና ነው እንጀራችንን የምትዘጊው አሏት። ስብሰባ ጠርተው ወረዱባት። ያን ጊዜ ቤቷ ጠርታ ያጽናናቻት ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ? ሃቲ ማክዳንኤል። በ1940 በሞግዚት ሚና ኦስካር የወሰደችው፣ የመጀመሪያዋ ጥቁር ተሸላሚ። በሽልማቱ ቀን እንኳ ከፊልሙ ባልደረቦቿ ለይተው ዳር ላይ ነበር ያስቀመጧት። እሷ ናት እንግዲህ ሊናን እኔ የማደርገውን የማደርገው ለኑሮ ነው፣ አንቺም ሁለት ልጆች አሉሽ፣ የሚበጅሽን አድርጊ ያለቻት። ለዚህ ነው ሚና ተቀብለው የሠሩትን ሴቶች ማንም ሲያንቋሽሽብኝ የማልወደው። ሃቲንም ሊናንም እወዳቸዋለሁ። ሁለቱም ኑሯቸውን የሚያሸንፉበትን መንገድ ያውቁ ነበር።

ሊና እምቢ ብላ ምን አገኘች? መጀመሪያ ላይ አሪፍ ነበር። በ1943 ብቻ ሁለት ሙሉ በሙሉ ጥቁር ተዋንያን የሠሩባቸው ፊልሞች ላይ ወጣች። አንዱ «ስቶርሚ ዌዘር» ነው፤ ይሄን ፈልገሽ እዪ። ፍቅረኛዋ ሆኖ የሚሠራው ቢል ሮቢንሰን 60 ያለፈው ሰው ነው፣ እሷ ገና 25፣ እና ማንም ይሄ ምን ነካው አላለም መሰለኝ! ግን የፊልሙን ስም የያዘውን ዘፈን ስትዘፍን ተመልከቻት። መስኮት አጠገብ ቆማለች፣ ውጭ ዶፍ ይወርዳል። እጇን ብዙም አታንቀሳቅስም። አፏን ብቻ እዪ፣ እያንዳንዷን ቃል በጥርሷ ቆርጣ ነው የምታወጣት፤ ፊቷ ፈገግ ሊል ሲል ይመለሳል። አሁን በስልካቸው ሲዘፍኑ የሚቀርጹት ልጆች ግማሹን ትንፋሽ የሚያባክኑበትን ቦታ እሷ ዝም ትልበታለች።

ከዚያ በኋላ ግን ኤምጂኤም ምን እንደሚያደርጋት ጠፋው። ሠራተኛ አትሆንም፣ ውሉ አይፈቅድም። የነጭ ፍቅረኛም አትሆንም፣ የፊልም ሕጉ በነጭና በጥቁር መካከል ፍቅር ማሳየት ይከለክላል። ስለዚህ ምን አደረጉ መሰለሽ፣ ውድ ቀሚስ አልብሰው ምሰሶ ላይ አስደግፈዋት አንድ ዘፈን ትዘፍናለች፣ ከዚያ ትወጣለች። ከማንም ጋር አታወራም፣ ታሪኩ ውስጥ የለችም። ለምን? ፊልሙ ጥቁርን በእኩል ማየት ወደማይፈልገው የአሜሪካ ደቡብ ሲላክ የሷን ክፍል ቆርጠው እንዲጥሉት። የተቆረጠውም ተቆርጦ ታሪኩ ምንም አይጎድልበትም። መቀስ እንዲመቸው ተብሎ የተሰፋ ልብስ በይው። የሚገርመው ደግሞ ሜካፑ ነው፤ ቆዳዋ በካሜራ ለነሱ «በቂ ጥቁር» ሆኖ ስላልታየ «ላይት ኢጂፕሺያን» የሚባል ቀለም ተሠራላት፣ በኋላ ያንኑ ቀለም ነጭ ተዋናዮችን ክልስ ለማስመሰል ቀቧቸው።

ይህም አልቀረላት። «ሾው ቦት» የሚባለው ሙዚቃዊ ታሪክ ውስጥ ጁሊ የምትባል ክልስ ሴት አለች። ሊና በ1946 በሌላ ፊልም ውስጥ ከዚያ ላይ አጭር ቁራጭ ሠርታ ነበርና ሚናው ለሷ የተሰፋ ነበር። በ1951 ፊልሙ ሲሠራ ለአቫ ጋርድነር ሰጡት። አቫ ጓደኛዋ ነበረች፣ የሊናን ቅጂ እየሰማች ነው የተለማመደችው። አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ? እኔ ሳህን እሰብር ነበር።

ሊናም እኮ ገራገር አልነበረችም። በጦርነቱ ጊዜ አርካንሳስ የጦር ካምፕ ውስጥ ለወታደር ልትዘፍን ሄዳ፣ የፊት ወንበር ላይ የተማረኩ ጀርመኖች ተቀምጠዋል፣ ለአሜሪካ የሚዋጉት ጥቁር ወታደሮች ከኋላቸው ተደርድረዋል። ከመድረክ ወረደች፣ ጀርመኖቹን አልፋ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታቸው ለጥቁሮቹ ዘፈነች። በ1960 ደግሞ ቤቨርሊ ሂልስ ምግብ ቤት ውስጥ ዘሯን የሰደበ ሰው ላይ የሲጋራ መተርኮሻ ወርውራበታለች። አይደረግም በያት እስቲ።

በ1947 ፓሪስ ሄዳ ሌኒ ሄይተን የሚባለውን የኤምጂኤም ሙዚቀኛ አገባች። ነጭ ነው። ያኔ ካሊፎርኒያ ውስጥ እንዲህ ያለ ጋብቻ ሕገወጥ ስለነበር ሦስት ዓመት ደበቁት። መጀመሪያ ያገባሁት ለሥራዬ በር ስለሚከፍትልኝ ነው፣ እያደር ነው የወደድኩት ብላ ራሷ በኋላ ተናግራለች፤ በዚህ ግልጽነቷ ደስ ትለኛለች። ወዲያው ደግሞ ሰውን ኮሚኒስት ነህ እያሉ የሚያሳድዱበት ጊዜ መጣ። በግራ ፖለቲካው የሚታወቀው ጥቁር ዘፋኝ የፖል ሮብሰን ወዳጅ ስለነበረች፣ ለጥቁር መብትም ስለተናገረች በ1950 ስሟ ሥራ እንዳይሰጣቸው በተባሉት ሰዎች ጥቁር መዝገብ ገባ፣ ፊልሙና ቴሌቪዥኑ ለዓመታት ተዘጉባት። ምሽት ክለብ እየዘፈነች ኖረች። በ1963 ሚሲሲፒ ሄዳ ከጥቁሮች መብት ታጋዩ ከሜድጋር ኤቨርስ ጋር ሰልፍ ላይ ቆመች፣ ሰውየው ከቀናት በኋላ ደጁ ላይ ተገደለ። ማርቲን ሉተር ኪንግ «ሕልም አለኝ» ያለበት የዋሽንግተኑ ሰልፍ ላይም ነበረች፣ እዚሁ ደጃችን።

ከዚያ ክፉው ጊዜ መጣ። በ1970 እና በ71 መካከል አባቷ ሞተ፣ ልጇ ቴዲ በኩላሊት በሽታ ሞተ፣ ባሏ ሌኒ ሞተ። ሦስቱም። ሰው በአንድ ዓመት ስንቱን ይቀብራል?

ግን 1981 ላይ፣ 64 ዓመት ሊሞላት ሲል፣ ብቻዋን ብሮድዌይ ላይ ወጣች። የራሷን ሕይወት የምታወራበትና የምትዘፍንበት ዝግጅት ነው። 333 ጊዜ ታየ፣ ቶኒ የሚባለውን የብሮድዌይ ትልቅ ሽልማት በልዩ አገኘች፣ የተዘጋውም ልክ 65 ዓመት በሞላት ቀን ነው። የማስታምማቸው እናት አይተውታል። እዚያ ላይ ያንን የ1943ቱን ዘፈን ሁለት ጊዜ ትዘፍነዋለች። መጀመሪያ ቆንጆ አድርጋ፣ ልክ ኤምጂኤም እንዳስተማራት። ወደ መጨረሻው ደግሞ እንደገና፣ አሁን ግን ድምጿን ለቅቃ፣ እየጮኸች፣ እያላገጠች፣ ያ ሁሉ ምሰሶ ላይ የቆመችበት ዓመት በጉሮሮዋ እየወጣ። ቅጂው አለ፤ ሁለቱን ተራ በተራ ስሚያቸው። ከማንኛውም የትወና ትምህርት ቤትሽ ይበልጣል፣ የከፈልነው ብር ይቅር ይበለኝና። ያረፈችው ሜይ 9 ቀን 2010 ነው፣ 92 ዓመቷ ነበር።

አሁን ወዳንቺ። የቤት ሠራተኛ መሆን ሳይሆን እኔን የሚያንገበግበኝ ስም የሌላት መሆኗ ነው። እኔ ሰው ቤት ስሠራ ስም ነበረኝ፣ ያውም አጥርቶ የሚጠራው ባይኖርም። የጥርስ ሕመም ነበረኝ። ወጥ ቤት ሆኜ የማንጎራጉረው ዘፈን ነበረኝ፣ እመቤቲቱ ከባሏ ጋር ስትጣላ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ የራሴ ፍርድ ነበረኝ። ይሄን ጠይቂያቸው። ስሟ ማነው፣ የት ነው የምትተኛው፣ ብር ለማን ነው የምትልከው በያቸው። መልስ ካላቸው፣ ወይም አብረን እናስብበት ካሉሽ፣ ግቢበት፣ እኔ አለሁልሽ፣ የነገርኩሽን ሁሉ ውሰጂ። ያንን የተሰበረ እንግሊዝኛም ከኔ ኮርጂው፣ ብቻ የሚያስቅ እንዳታደርጊው። ዝም ብለው ካዩሽ ግን ተይው። ጥያቄውን ደግሞ ከመፈረምሽ በፊት አንሺ እንጂ ከፈረምሽ በኋላ አይደለም፤ ቴዲ ሆርን የተናገረው ሲፈልጓት ነው።

አባትሽ ይሄን ሳነብለት ምን አለ መሰለሽ? «ሱፌን ላስተኩስና አብሬያት ልግባ?» እንግሊዝኛው ያንቺ ነው፣ እሱ ብቻ ኮስተር ብሎ ይቀመጣል። ትኬቱን ለማየት እንኳ ኮምፒውተሩን ከፍቷል፣ አልፈልግም ካልሽ ዛሬውኑ ንገሪው።

እናትሽ