ሽቦውን ይፍቱት፣ አባዬ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎስ እንዴት ነው? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደኅና ነኝ። መስከረም ጠብቶም ባሕር ዳርን ዝናቡ ገና አልለቀቃትም።

ወንድሜ የደረጃውን መደገፊያ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ሁለቱን ቋሚዎች በሽቦ ጠፍረው ሳይ ሳቄም መጣ፣ ደነገጥኩም። አባዬ፣ ያ ሽቦ እጅዎን ይቧጭራል እንጂ እርስዎን አይሸከምም። ሌሊት ሲወርዱ የሚደገፉት እሱን አይደል? «ሁሉንም ነቅዬ ብረት አስበይዳለሁ» ማለትዎንም ሰምቻለሁ። በጄ አልልም! በማርቆስ ብርድ፣ በማለዳ፣ ብረት ሊጨብጡ? ደግሞ መደገፊያው ዋንዛ ነው፤ የተጎዳውም ጥቂቱ ነው።

መጀመሪያ የየቋሚውን ግርጌ በቢላ ጫፍ ወጋ ያድርጉት። አልገባም ካለ ደኅና ነው። ሰተት ብሎ ከገባ በስብሷል። እኔ የምጠረጥረው በመስኮቱ በኩል ያለውን ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስበት ከርሟል።

አናጢው የራሰውን መጀመሪያ ያድርቀው። ከዚያ የበሰበሰውን እስከ ደኅናው እንጨት ድረስ ያውጣና አዲስ ቁራጭ በሰያፍ ይቀጥልበት። ቀጥ ብሎ ተቆርጦ ጫፍ ለጫፍ የተገጠመ እንጨት ኮላ አይዘውም፤ ሰያፉ ግን ሰፊ ቦታ ይሰጠዋል። ሞርሳ ከሌለው በአሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ጥብቅ አድርጎ ጠምጥሞ ያሳድረው። ምስማር ዳር ላይ እንዳይመታ፣ ይሰነጥቀዋል። በትራፓኖ ቀድሞ በስቶ ብሎን ያስገባ። ትንንሹን ቀዳዳ ሰጋቱራ በኮላ ለውሶ ይድፈነው።

ለቅጥያው ደረቅ ዋንዛ ይሁን። «ባሕር ዛፍ ይረክሳል» ካለዎ እሺ አይበሉት፤ እርጥቡ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። የጎደለውን ቋሚ በአሮጌው ልክ ያስቀርጹ። በቋሚዎቹ መካከል ከ10 ሳንቲም ያልበለጠ ክፍተት ይተው። የልጅ ልጅዎ ድክ ድክ ማለት ጀምራለች፤ ጭንቅላቷን የማታስገባበት ቀዳዳ የለም።

ቫርኒሹ ለጥቅምት ይቆይ፣ አየሩ ይድረቅ። ያኔ እኔም እመጣለሁ፤ መያዣውን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ እቀባለሁ።

ገንዘቡን በወንድሜ በኩል ልኬያለሁ። «ለምን ላክሽ» ብለው እንዳይመልሱት። ሥራው እስኪያልቅ እናቴ አልጋዎን ወደ ታች ታወርዳለች፤ እኛ ተስማምተናል።

ልጅዎ