አሮጌ ቤት እልፍኝ ይኑረው

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ክረምቱ ወጥቶ ግቢው መድረቅ ሲጀምር፣ አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ቤት ያለው ሰው ስለ እድሳት ማሰቡ አይቀርም። በዚህ ወቅት ከዘመድ ከወዳጅ የሚቀርብልኝ ጥያቄም አንድ ዓይነት ነው፤ «በእንጨትና በጭቃ ቤት ውስጥ የራሱ መታጠቢያና የልብስ ክፍል ያለው፣ ሰው ሰው የሚል መኝታ ቤት እንዴት ይሠራል? አፍርሶ በብሎኬት መሥራቱ አይሻልም ወይ?» ይሉኛል። እኔና ባለቤቴ ይህን ሥራ በገዛ ቤታችን ላይ ሠርተን፣ አበላሽተን፣ እንደገና አስተካክለን ያየነው ስለሆነ፣ የተማርነውን በጋዜጣችሁ በኩል ለሌሎች ለማካፈል ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ከአያቶቻችን የተረፉት ቤቶች ብዙውን ጊዜ የሚጠፉት ባለቤቶቻቸው ስለጠሏቸው አይደለም። ሌሊት በብርድ እየተንቀጠቀጡ መተኛት፣ ለሽንት በጨለማ ግቢ አቋርጦ መውጣት፣ ጣሪያው በሚያፈስበት በኩል ባልዲ እየደቀኑ መክረም ሲሰለቻቸው ነው እጅ የሚሰጡት። ስለዚህ ቤቱን ለማቆየት የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን ሳሎን ላይ ከማፍሰሱ በፊት ከመኝታ ክፍሉ እንዲጀምር እለምናለሁ።

ቤታችን አፍንጮ በር አካባቢ ያለ፣ ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ የቆመ፣ ወለሉ ጣውላ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ዙሪያውን በረንዳ ያለው ቤት ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አንስቶ ህንዶች፣ አርመኖችና ግሪኮች ከአገሬው አናጢ ጋር ሆነው ያስለመዱት አሠራር እንደሆነ ከተማዋን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል፤ ሰፊው የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በክፈፉ ላይ እንደ ጥልፍ የተፈለፈለው ጣውላ፣ ከወገብ እስከ ኮርኒስ የሚደርሱት መስኮቶች የዚያ ዘመን መለያ ናቸው። የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ እንዲህ ካሉት ቤቶች ብዙዎቹ ለበርካታ ቤተሰብ ተሸንሽነዋል። የእኛው መኖሪያችን ስለነበር በእጃችን ቀረ፤ ሆኖም ልጅ ሲበዛ፣ ዘመድ ሲጠጋ፣ እኛው ራሳችን ትልቁን የውስጥ ክፍል በኮምፔርሳቶ ሦስት ቦታ ከፍለነው ኖረናል። እድሳቱን የጀመርነው ያንን ኮምፔርሳቶ በማንሳት ነበር። ሦስቱ ጠባብ ክፍሎች አንድ ሆነው የምሥራቁ መስኮት እንደገና ሲገለጥ፣ እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ «እማማ የሚተኙበት እልፍኝ እኮ ይሄ ነው» አለች።

እልፍኝ የሚለው ቃል ከዚያች ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። ዛሬ ደላላውም፣ መሐንዲሱም፣ የአፓርታማ ማስታወቂያውም «ማስተር ቤድሩም» ይላል፤ የውጭ ቃል መዋሱ ራሱ ነውር የለበትም። ነገር ግን የእኛ ሰው የቤቱን ጌታና እመቤት ማረፊያ ከአዳራሹ ለይቶ የሚሠራበት ሥርዓት ከጥንትም ነበረው። አዳራሹ የግብር ግብዣና የእንግዳ ነው፤ እልፍኙ ደግሞ የውስጥ ሰው ብቻ የሚዘልቅበት ሲሆን፣ በሩን የሚጠብቀው ሰው እንኳ እልፍኝ አስከልካይ ተብሎ ማዕረግ ይሰጠው ነበር። ከእልፍኙ ጎን ልብሱም፣ ሣጥኑም፣ የከበረ ዕቃውም የሚቀመጥበት ጓዳ አለ። በማስታወቂያ የምናየው መኝታ፣ የልብስ ክፍልና መታጠቢያ ከእነዚህ ክፍሎች ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ሳስተውል፣ ከካታሎግ ላይ አዲስ ንድፍ ከመቅዳት ይልቅ ቤቱ ራሱ የያዘውን አቀማመጥ መከተል እንደሚበጅ ተረዳሁ። እልፍኙን ለመኝታ፣ ጓዳውን ለልብስ፣ የኋላውን በረንዳ ለመታጠቢያ ስናደርግ አንድም ግድግዳ መብሳት አላስፈለገንም።

ስለ ግድግዳው ግን በዝርዝር መናገር አለብኝ፤ ትልቁን ስሕተት የሠራነው እዚያ ላይ ነውና። የመጀመሪያው ግንበኛ «ጭቃ ያረጃል፣ በሲሚንቶ ልለስነውና ዕድሜ ልካችሁን ትገላገላላችሁ» አለን። እኛም ደስ ብሎን ፈቀድን፤ ሲለሰንና ቀለም ሲቀባ እንደ መስተዋት የለሰለሰ ግድግዳ ወጣው። በመጀመሪያው ክረምት ከአልጋው ራስጌ በኩል ሳህን የምታህል እርጥብ ምልክት ታየች። በሁለተኛው ክረምት፣ ነሐሴ ውስጥ፣ ንጋት ላይ ትልቅ ድምፅ ሰምተን ስንነሳ የሲሚንቶው ልስን ከነጭቃው ተገንጥሎ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። በክፍተቱ ውስጥ በልጥ የታሰረው ማገር ይታይ ነበር፤ በእጄ ስነካው እንደ እርጥብ እንጀራ ተቆረሰ። የጭቃ ግድግዳ እርጥበትን ይስባል፣ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ መልሶ ያስወጣል፤ ሲሚንቶ ሲለበስበት መውጫ ያጣው እርጥበት እንጨቱ ላይ ተኝቶ ያበሰብሰዋል። ያ ግንበኛ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የለመደው ብሎኬት ስለሆነ ብቻ ቤታችንን እንደ ብሎኬት ቤት አየው።

ሁለተኛውን ሥራ የሠሩልን አንድ አረጋዊ መራጊ ናቸው። የበሰበሰውን ማገር አውጥተው በአዲስ ተኩ፤ የቋሚዎቹን እግር ፈትሸው ጥድ የሆኑትን እንዳሉ ሲተዉ፣ በኋላ ዘመን የገቡትንና ምስጥ የበላቸውን ባሕር ዛፎች ለወጡ። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቀላቅሎ፣ በየቀኑ ውሃ እየተጨመረበትና በእግር እየተረገጠ፣ ሁለት ሳምንት ያህል እንዲቦካ አደረጉ። እኔ ቸኩዬ «አልደረሰም ወይ?» ስላቸው ከጭቃው ጥቂት አንስተው በጣታቸው አሻሹትና «ጭዱ ገና አልሞተም» አሉኝ። መጀመሪያ ወፍራሙን ምርጊት መረጉ፤ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ስንጥቁን በቀጭኑ ሞሉት፤ በመጨረሻም በኖራ ቀባነው። ግድግዳው ፍጹም ቀጥ ያለ አይደለም፤ ጧት የምሥራቁ ብርሃን በአግድም ሲመታው የእጃቸው ዱካ እንደ ቀስታ ማዕበል ይታይበታል። ለእኔ ከማንኛውም የግድግዳ ወረቀት ይበልጥብኛል። ከዚያ ወዲህ ባለፉት ክረምቶች አንድም እርጥብ ምልክት አላየንም። ለዘይት ቀለምም ማስጠንቀቂያዬ ያው ነው፤ ጭቃን አፍኖ የሚይዝ ማንኛውም ቀለም ከኖራ ጋር አይወዳደርም።

ወለሉን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ ላንሳ። በድንጋዩ መሠረት ላይ ከመሬቱ ትንሽ ከፍ ብለው የተተዉ ቀዳዳዎች አሉ። ብዙ ሰው አይጥ ይገባባቸዋል ብሎ በሲሚንቶ ይደፍናቸዋል፤ እኛም ደፍነን ነበር። እነዚህ ቀዳዳዎች ከጣውላው ሥር ነፋስ እንዲዘዋወር የተሠሩ ስለሆኑ፣ ሲደፈኑ ወለሉ ከታች መበስበስ ይጀምራል፣ ክፍሉም የሻጋታ ሽታ ይይዛል። ሲሚንቶውን ፈልፍለን አውጥተን ጠንካራ የሽቦ ወንፊት ገጠምንላቸው፤ አይጡም ቀረ፣ ሽታውም በአንድ በጋ ጠፋ።

መታጠቢያ ቤቱ ሁሉም ሰው የሚፈራው ክፍል ነው፤ ፍርሃቱም ተገቢ ነው። በጣውላ ወለልና በጭቃ ግድግዳ መካከል ሻወር መሥራት ቤቱን በገዛ እጅ ማፍረስ ስለሆነ፣ ውሃው ሁሉ ከዋናው ቤት አካል ውጪ እንዲሆን ወሰንን። የኋላው በረንዳ በሙሌት ድንጋይ ላይ ያረፈ ስለነበር ወለሉን ወደ ውጭ እንዲያዘነብል አድርገን በሲሚንቶ ሠራነው፤ ነገር ግን ሲሚንቶው ከአሮጌው ግድግዳ ጋር እንዳይገናኝ መሐሉ ላይ ክፍተት ተውን። ሴራሚኩ የተለጠፈው በጭቃው ላይ ሳይሆን አራት ጣት ያህል ተርቆ በቆመ ሌላ ስስ ግድግዳ ላይ ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል አየር ያልፋል። ቧንቧዎቹ በሙሉ በውጭ በኩል በግልጽ የተዘረጉ ናቸው። አንድ እንግዳ «ምነው ቧንቧውን አትቀብሩትም?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር፤ የተቀበረ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ የሚታወቀው ግድግዳው ሲወድቅ ነው፣ ያልተቀበረው ግን በዚያው ቀን ይታያል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሮቶ ማስቀመጥ ግድ ነው፤ ሮቶውን ግን ማንም ሰው ጣሪያው ወይም በረንዳው ላይ እንዳይሰቅል። አንድ ሺህ ሊትር ውሃ ማለት አንድ ቶን ክብደት ነው፤ የእነዚህ ቤቶች ጣሪያ የተሠራው ቆርቆሮን ለመሸከም ነው። እኛ ከቤቱ ተለይቶ በራሱ መሠረት ላይ የቆመ የብረት ማማ አሠርተን፣ ከመንገድ እንዳይታይ ከኮሽም አጥሩ ጥግ አቆምነው።

ከውሃ ቀጥሎ የሚያሰጋው መብራት ነው። በጥር 2007 ዓ.ም. የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በእሳት ሲጎዳ ያየ ሰው፣ የደረቀ አሮጌ እንጨት እሳት ሲይዘው ለማጥፋት ምን ያህል እንደሚያስቸግር አይረሳም። የውሃ ማሞቂያ ብዙ ኃይል የሚወስድ ዕቃ ስለሆነ ከአሮጌው ሽቦ ጋር ፈጽሞ መገናኘት የለበትም፤ ከቆጣሪው ጀምሮ የራሱ ወፍራም መስመር፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ያስፈልገዋል። የእኛው ኤሌክትሪሺያን የድሮውን በጨርቅ የተጠቀለለ ሽቦ ከኮርኒሱ ላይ ሲያወርደው ልባሱ በእጁ ላይ እንደ አመድ ረገፈ። ለስንት ዓመት ከዚያ በታች ተኝተን እንደኖርን ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል።

ወደ ምቾቱ ልመለስ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። አልጋውን ሁለት የውጭ ግድግዳዎች ከሚገናኙበት ማዕዘን አንሥተን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ስናዞረው፣ ምንም ገንዘብ ሳናወጣ ክፍሉ የሞቀ መሰለን። ጧት ፀሐይ በምሥራቁ መስኮት ገብታ አልጋው ግርጌ ድረስ ትደርሳለች። የመስኮቶቹን የእንጨት መዝጊያዎች አልጣልናቸውም፤ አናጢው ማጠፊያቸውን ቀይሮ ከዳር እስከ ዳር ገጥመው እንዲዘጉ አደረጋቸው፤ ማታ ሲዘጉ ከየትኛውም ወፍራም መጋረጃ የተሻለ ብርድ ይከለክላሉ። ከአልጋው ሥር ምንጣፍ፣ ከላይ የመንዝ ባና አለ። ራስጌው ላይ ደግሞ የድሮ ሰዎች ለኩራዝ ማስቀመጫ በግድግዳው ውስጥ የተዉት ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ ነበር፤ መራጊው ሊደፍኑት ሲሉ ከለከልኳቸው። አሁን እዚያ ውስጥ ለንባብ የምትሆን ቢጫ አምፖል ገብታለች፤ እናቴም መነጽሯን የምታስቀምጠው እዚያው ነው።

ኮርኒሱ ተወጥሮ በኖራ የተቀባ አቡጀዲ ነበር። ብዙ ቦታ ስለተቀደደ ልናቆየው አልቻልንም፤ እርሱን ስናወርድ ከጠርዙ ሥር ነፋስ እንዳይገባ የተለጠፉ የአዲስ ዘመን ገጾች አገኘን፤ ግማሹን ምስጥ በልቶታል፣ የቀረውን በመስተዋት አስገብተን ጓዳው ውስጥ ሰቅለነዋል። በአቡጀዲው ምትክ ስስ የዝግባ ጣውላ አስመታን፤ ከፍታውን ግን ዝቅ አላደረግነውም። ጣውላው ክረምት ላይ የቆርቆሮውን ጩኸት በግማሽ ያህል አለዘበው። ሙሉ በሙሉ ጸጥ እንዲል ደግሞ አልፈለግንም፤ በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ እየሰሙ መተኛት የዚህ ቤት ልጆች ሁሉ ያደግንበት ነገር ነው።

ለልብስ ክፍሉ ከዋንዛ የተሠራ ቁም ሣጥን አስገባን፤ ዋንዛን የመረጥነው ምስጥ ስለማይደፍረው ነው። ቁም ሣጥኑ በግድግዳው ላይ አልተቸነከረም፤ ከጀርባው አየር እንዲያልፍ ጥቂት ራቅ ብሎ በራሱ እግር ቆሟል። የአያቴ ሣጥንም እዚያው አለ፤ ጋቢና ነጠላ አሁንም የሚቀመጠው በእርሱ ውስጥ ነው።

ቤታቸው በቅርስነት የተመዘገበ አንባቢያን ካሉ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ማንኛውንም የጥገና ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ከሚመለከተው ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት እንዳለባቸው አደራ እላለሁ። ከፈቃዱ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የባለሙያው ነገር ነው። ቤታችንን የመረጉልን አባት ልጆቻቸው ሌላ ሥራ እንደያዙ፣ ሙያውን የተረከባቸው ሰው እንደሌለ ነግረውኛል። ጋዜጣችሁ እንዲህ ያሉ መራጊዎችን፣ አናጢዎችንና የኖራ ሠራተኞችን እየፈለገ ቢያነጋግር፣ ጭቃው እንዴት እንደሚቦካ፣ ማገሩ እንዴት እንደሚታሰር ከአንደበታቸው ቢያትም፣ ለብዙ ቤት ባለቤት የሚጠቅም ይመስለኛል።

በዚህ ዓመት ለመጀመር ያሰበ ሰው ካለ ደግሞ ጊዜው አሁን ነው። ጭቃው እስከ ጥቅምት አጋማሽ ቢቦካ፣ ምርጊቱ ኅዳርና ታኅሣሥን በፀሐይ ይደርቃል፤ ኖራውም የበልግ ዝናብ ሳይመጣ ይቀባል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአፍንጮ በር፣ አዲስ አበባ