ለፍልፈሉም ፈቃድ ይጻፍለት

ይድረስ ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣

የብሔራዊ ቡድናችን መጠሪያ «ዋልያዎቹ» ነው። «ፍልፈሎቹ» ቢባሉ ኖሮ ገና ሜዳ ሳይገቡ በሳቅ እንፈርስ ነበር። በዋልያ ቀንቼ አይደለም፤ ያው ሳቅ የዱር እንስሳት ተመራማሪውም ልብ ውስጥ ሳያውቀው ተቀምጧል ብዬ ስለማምን ነው።

የባዮሎጂ መምህር ነኝ። አንድ ጠዋት ተማሪዎቼን ይዤ ባሌ ተራሮች ውስጥ ባለው ሳነቴ አምባ ላይ ቆሜ ግዙፉን ፍልፈል አየሁት። ግማሽ አካሉን ከጉድጓዱ አውጥቶ ሣሩን በረጃጅም ጥርሶቹ እየቆረጠ ወደ ውስጥ ይስባል። አጠገቡ አንዲት ትንሽ ወፍ ቆማለች። ወፏ ድንገት ስትጮህ ፍልፈሉ ጠፋ። ከተማሪዎቼ አንዱም አላየውም፤ ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተው ቀይ ቀበሮ ይፈልጋሉ። ፈልጉ ያልኳቸው ደግሞ እኔው ነበርኩ።

ይህ ፍልፈል ከባሌ ተራሮች በቀር በዓለም የትም የለም። የባሌው ቀይ ቀበሮ ዋና ምግብም እሱ ነው።

ተመራማሪ ዓይን የሚሞላውን፣ ከመኪና መንገድ ሳይርቅ የሚያገኘውን፣ ፎቶግራፉ ገንዘብ ሰጪን የሚያማልለውን እንስሳ ይመርጣል። ተንኮል የለበትም። ጉዞውንም መንገዱ ሲደርቅ ያደርጋል፤ እንቁራሪት ግን የምትጮኸው ሲዘንብ ነው። ዋልያ እ.ኤ.አ. በ1835 ሳይንሳዊ ስም ሲያገኝ፣ ከባሌው ሐረና ጫካ ሌላ አገር የሌላት አንዲት እንቁራሪት ስም እስክታገኝ 1989 ደርሷል። ዛሬ ለመጥፋት እጅግ ተቃርባለች። በነጭ ሣር ፓርክም አዲስ የወፍ ዝርያ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1990 ከመንገድ ላይ በተነሣ አንድ ክንፍ ነው። መንገድ ላይ ባትሞትስ?

ለቀይ ቀበሮ የሚወጣው ይቀነስ አላልኩም፤ ለአቅመ መራባት የደረሱት ከ500 አይበልጡም። የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። በፓርኮች ውስጥ ለሚካሄድ ጥናት ፈቃድ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ፤ ማመልከቻው ላይ «ይህን እንስሳ ለምን መረጡ? አብሮት ከሚኖሩት ያልተጠናው የትኛው ነው?» የሚል ጥያቄ ይጨመር። ቀበሮ ሊያጠና የመጣ ቡድን የፍልፈል ጉድጓድም ቆጥሮ መዝገቡን ለፓርኩ ያስረክብ። በዝናብ ወቅት ለሚገቡ የአገር ውስጥ ተማሪዎችም ክፍያው ይቅለልላቸው።

እኛ በሚቀጥለው ጉዟችን የቆጠርነውን ጉድጓድ በወረቀት አስፍረን እናመጣለን። የሚረከበን የትኛው ክፍል እንደሆነ ብታሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የባዮሎጂ መምህር