እማዬ፣ ፖለቲካ ውስጥ አልገባሁም

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው ስንደዋወል "ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ ነው፣ ምን አግብቶሽ!" ብለሽ ስልኩን ለአባዬ ሰጠሽው። በስልክ ሳስረዳሽ ስለምትቆጪ ልጻፍልሽ ብዬ ነው።

ፓርቲ ውስጥ አልገባሁም፣ አልገባምም። የምማረው ሥልጣን የያዙ ሰዎች በሥልጣናቸው ምን እንደሚያደርጉ ነው። እዚህ ስዊድን፣ ጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቪዴም የሚባል የምርምር ተቋም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ነው የተቋቋመው፣ ከመሥራቾቹ አንዱ ፕሮፌሰር ስታፋን ሊንድበርግ ናቸው። እኔም ጥናቴን የምሠራው እነሱ በሰበሰቡት መረጃ ነው። ሥራቸው በየአገሩ ያለውን ዴሞክራሲ መለካት ነው። "ይሄ ደግሞ በምን ይለካል?" እንደምትዪ አውቃለሁ።

በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥያቄዎች አሏቸው። ስለ ምርጫ ብቻ አይደለም፤ ስለ ፍርድ ቤት፣ ስለ ጋዜጣ፣ ስለ ማኅበራት፣ መንግሥት ስለሚፈጽመው ግድያም ይጠይቃሉ። አብዛኞቹን የሚመልሱት አገሩን በደንብ የሚያውቁ ምሁራን ናቸው፣ በዓለም ዙሪያ በሺዎች ይቆጠራሉ። ስማቸው አይገለጽም፤ ለምን እንደሆነ ላንቺ መንገር አያስፈልግም። አንድን ጥያቄ ብዙውን ጊዜ 5 ወይም ከዚያ በላይ ሰው ይመልሰዋል፣ እያንዳንዱም በመልሱ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ይጽፋል። አንቺ ስታስተምሪ ማርክ የሚቆጥብ መምህርም የሚያድልም ነበር አይደል? እዚህም ያው ነው። ስለዚህ የሌሉ፣ የተፈጠሩ አገሮችን ታሪክ ሰጥተው አስመዝነዋቸው፣ ማን ቆጣቢ ማን ለጋስ እንደሆነ አይተው ልዩነቱን በስታቲስቲክስ ያስተካክሉታል።

ከጥያቄዎቹ አንዱ ግን ሌላ ነው። ሰዎች በአደባባይም ሆነ በገዛ ቤታቸው ስለ ፖለቲካ በነጻነት ማውራት ይችላሉ ወይ ይላል። መልሱ ከ0 እስከ 4 ነው። ለሴቶች ለብቻ፣ ለወንዶች ለብቻ ይጠየቃል፣ ይሄ በጣም ትክክል ነው፤ ባል እንደልቡ በሚያወራበት ቤት ሚስት አፏን የምትይዝበት አገር ሞልቷል።

እሱን ሳነብ አንቺ ነሽ የመጣሽብኝ። ቤታችን ስለ መንግሥት ወሬ ከተነሳ መስኮቱን ትዘጊ ነበር። አጎቴ በ1970 በቀይ ሽብር ከቤት እንደወጣ ስለቀረ እንደሆነ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፣ እሱንም ከአክስቴ ነው የሰማሁት። ደርግ በ1983 ወደቀ፣ እኔ ከዚያ በኋላ ተወለድኩ፣ አንቺ ግን መስኮቱን መዝጋት አልተውሽም።

የኔ ጥናት እዚህ ላይ ነው። የቪዴም ጥያቄ መንግሥትም ሆነ ሌላ ሰው እንዳይናገሩ ይከለክላቸዋል ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው። ከልካዩ ከሄደ በኋላ ሰው ውስጥ የሚቀረው ፍርሃት ስንት ዓመት ይቆያል? ከእናት ወደ ልጅስ ይተላለፋል? ይሄን ማወቅ እፈልጋለሁ። መረጃቸውን የሚተቹ ተመራማሪዎች አሉ፤ የምሁር ግምት የዘመኑ ስሜት ይጫነዋል፣ እንደ ምርጫ ውጤት የሚቆጠር ነገር ይሻላል ይላሉ። እውነት አላቸው። ግን እማዬ፣ አንቺ መስኮት ስትዘጊ ማን ቆጠረው? ምሁሩም አላየሽም፣ የምርጫ ኮሮጆውም አላየሽም። ስለዚህ ሰዎቹን ራሳቸውን ቁጭ አድርጌ መጠየቅ አለብኝ።

ካንቺ ብጀምር ደስ ይለኛል። ያንቺንም የአጎቴንም ስም አልጽፍም፣ ሰፈሩንም አልጠቅስም፤ የጻፍኩትን በሙሉ አነብልሻለሁ፣ አውጪው ያልሽውን አወጣዋለሁ። የሚከብድሽን ዝለዪው። እምቢ ካልሽም አልቀየምሽም፣ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ። ብቻ በስልክ አትመልሺልኝ፣ ክረምት ስመጣ ትነግሪኛለሽ።

ልጅሽ