የገረጋንቲ ጉድጓዱን ማን ያየዋል?

ይድረስ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን

የተከበራችሁ የባለሥልጣኑ ኃላፊዎች፣

በመንገድ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት የቆየሁ ቀያሽ ነኝ። ይህን የምጽፍላችሁ በስምጥ ሸለቆ አንድ ቀን ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ከዓይኔ ስላልጠፋ ነው።

ለመንገድ ሙሌት የሚሆነውን ጠጠራማ አፈር፣ ገረጋንቲ፣ እያወጣን ሳለ የዶዘሩ ኦፕሬተር ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ጠራኝ። አሁን የቆረጠው ግድግዳ ላይ ድንጋይ የሆነ የትልቅ እንስሳ መንጋጋ ከነጥርሱ ተሰክቷል። ለአለቃችን ነገርነው። «ለማን ነው የምናሳውቀው? ስልካቸውን ታውቃለህ?» አለኝ። አላውቅም ነበር። ከሰዓት በኋላ ገልባጩ ጭኖ ወሰደው፤ አሁን ሮለር ዳምጦት አስፋልት ሥር ነው።

ሕግ አለን። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በሕንጻም በመንገድም ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቃችሁ፣ እስክትረከቡትም ድረስ እንዳለ እንዲጠብቀው ያዛል። እናንተ ሳትመጡ ከቀራችሁ ግን ከኃላፊነቱ ነጻ የሚሆነው ከስድስት ወር በኋላ ለክልሉ ኃላፊ በጽሑፍ አሳውቆ ነው። የማሽን ኪራይ በሰዓት በሚቆጠርበት ሳይት ላይ ስድስት ወር የሚጠብቅ የለም። ዝም ማለት ይቀላል።

ማሳወቅ ኮንትራክተሩን ያከስራል የሚባለውም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ፊዲክ የተባለው ዓለም አቀፍ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው የግንባታ ውል አንቀጽ 4.24 የተጻፈው ስለዚሁ ጉዳይ ነው፤ ቅሪተ አካል ወይም ጥንታዊ ዕቃ አግኝቶ ያሳወቀ ኮንትራክተር የተሰጠውን መመሪያ ሲፈጽም ቢዘገይ የጊዜ ማራዘሚያና ወጪውን መጠየቅ ይችላል። ይህን ለፎርማኑና ለኦፕሬተሩ የሚነግራቸው ሰው ግን አላየሁም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የገረጋንቲው ጉዳይ ነው። እኔ በሠራሁባቸው ሳይቶች ለጥናት የሚመጡ ሰዎች የሚያዩት የመንገዱን መስመር ነበር። ገረጋንቲና ጠጠር ግን ከመስመሩ ርቀን፣ ብዙ ጊዜ ከወንዝ ዳርና ከጥንት ሐይቅ ደለል እናወጣለን። አጥንት ድንጋይ ሆኖ የሚቆየው ደግሞ እንዲህ ባለው ደለል ውስጥ ነው። ሉሲም በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው የጥንት ወንዝና ሐይቅ ካስቀመጡት አፈር ነው።

አክሱም የነበረውን የታአካ ማርያም ቤተ መንግሥት አስቡት። በጣልያን ወረራ ጊዜ መንገድ ተቆርጦበት ጠፋ፤ ቢሆንም የጀርመን አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ1906 ንድፉን አንስተውት ስለነበር ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ለገረጋንቲ ጉድጓድ ንድፍ ያነሳለት የለም። እዚያ የጠፋውን ነገር እንደጠፋ እንኳ አናውቅም።

የምለምናችሁ ትልቅ በጀት አይደለም። ለማንኛውም የገረጋንቲ ቦታ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ባለሙያ በእግሩ ዞሮ ይየው። በየሳይቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሰው የሚያነሳው ስልክ ይጻፍ። ጥሪ ሲደርሳችሁ በወራት ሳይሆን በቀናት ድረሱ። አዋጁ ላስረከበ ሰው የሚገባውን ሽልማትም ማሽኑን አቁሞ ለወረደው ኦፕሬተር ስጡት። የድንጋይ ዘመን መሣሪያዎች የሚገኙበትን መልካ ቁንጥሬን እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋለው የውኃ ባለሙያ ነበር፤ የኢዛናን የሦስት ቋንቋ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1981 ያገኙት ገበሬዎች ናቸው። ሥራ ላይ ያለ ሰው ዓይን አለው፤ የሚሰማው ነው ያጣው።

የዚያ ጉድጓድ መገኛ ነጥብ በመስክ ደብተሬ ላይ ተጽፏል። በስተምሥራቅ ያለው ግድግዳ ስንለቅ አልተነካም ነበር። ባለሙያ ላኩ፤ እኔ ራሴ መርቼ አሳየዋለሁ።

አንድ ቀያሽ