ራምቦ በ«ራምቦ ቤት» አልኖረም

ውድ አዘጋጅ፣

ሰሞኑን ለፊልም መቅረጫ ስለሚሆኑ ጥንታዊ ቤቶች ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ሐረር ላይ ስትደርሱ «ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ የኖረበት ቤት» ብላችሁ አረፋችሁት። ቆይ እንጂ! ራምቦ ጉልበቱን ታሞ፣ በቃሬዛ ተይዞ ከሐረር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። በዚያው ዓመት ማርሴይ ላይ ሞተ። ያንን ባለ ፎቅ ቤት ያሠራው አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ነው፣ ያውም ራምቦ ከሞተ በኋላ። ታዲያ ሰውዬው ገና ባልተሠራ ቤት ውስጥ እንዴት አድርጎ ነው የኖረው?

ስሙ ራምቦ ቤት አይደለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነው፣ እኛም የምንጠራው እንደዚያ ነው። ያነሳቸው ፎቶዎችም እዚያ ተሰቅለዋል። ግን ስም ሌላ፣ ታሪክ ሌላ። ካሜራን የሚስበው እኮ ያ የተቀረጸ እንጨት፣ ባለ ቀለም መስታወቱና ሥዕል ያለበት ኮርኒስ ነው። ለዚያ ሁሉ ገንዘቡን ላወጣውና በእጃቸው ለሠሩት አንዲት መስመር ነፈጋችሁ።

ይባስ ብሎ ሰፈሩን «ጸጥታ የሰፈነበት» አላችሁት። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ስሙ «መኪና ግርግር» ነው! ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪና ድምፅ ነው። አባቴ እዚያ ልብስ ሰፊ ነበር። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ፊልም ቀራጮች መጡና «ድምፅ እየገባብን ነው፣ አቁሙልን» አሉ። አባቴ እግሩን ከመርገጫው አነሳ። አንድ እጅጌ የቀረው ቀሚስ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ግማሽ ቀን ዝም ብሎ ተቀመጠ። ቀሚሱ የሠርግ ነበር፣ ባለቤቷ በማግስቱ ጠዋት ልትወስደው ቀጠሮ ነበራት፣ እሱም ሌሊቱን ሲሰፋ አደረ። ክፍያው ይቅርና «እግዜር ይስጥልን» ያለው የለም። የሰፈሩ ጸጥታ ብላችሁ የጻፋችሁት እንዲህ ያለውን ከሆነ፣ እሱ የአባቴ የሥራ ሰዓት ነው።

እርማት አውጡ። ህንዳዊውን ነጋዴ ጻፉት፣ ልብስ ሰፊዎቹንም እንደዚሁ። ሌላ ጊዜ ጋዜጠኛ ስትልኩም ቤቱ ጠፋኝ አይበል። የመኪናውን ድምፅ ይከተል፣ ያደርሰዋል።

የመኪና ግርግር ልጅ
ከሐረር