በልጉ ሳይገባ ጣሪያውን እንመልስ

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት፣ ቡታጅራ ላይ የአእምሮ ሕሙማን ቀን የሚውሉበትን ቤት ወደምናስተዳድረው ኮሚቴ መጡ። ልጃቸውን መልሰው በሰንሰለት እንዳሰሩት ሊነግሩን ነው የመጡት። «ከሰው አፍ ከምትሰሙት እኔው ልንገራችሁ ብዬ ነው» አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ዝም አሉ። እኛም ዝም አልን። ምን ይባላል?

ልጁ 27 ዓመቱ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ እግሩን ብረት አልነካውም ነበር። በየወሩ መርፌውን ይወጋል፤ ቀን ቀን እኛ ቤት ይውላል። እናቱም ቆጮና ቅቤ ይዘው ገበያ ይወጣሉ። ጣሪያው ወድቆ ቤታችን ሲዘጋ ግን ሁለት ምርጫ ብቻ ቀራቸው። ወይ ገበያውን ትተው ከልጃቸው ጋር መራብ፣ ወይ ልጁን አስረው እንጀራ ፍለጋ መውጣት። አንፈርድባቸውም። ከኮሚቴው ሰባት አባላት አራታችን በአንድ ወቅት የገዛ ሰዋችንን አስረን እናውቃለን። እኔም ወንድሜን አስሬአለሁ።

ይህን ጥሪ ስንጽፍ ሦስተኛ ጊዜያችን ነው። በመስከረም ጽፈናል። በኅዳርም ጽፈናል። ስልካችሁ ላይ የእርዳታ ጥሪ እንደሚበዛ እናውቃለን። እኛም መለመን ደክሞናል። ግን ጥር እየተገባደደ ነው። ቡታጅራ ላይ በልጉ ሲጀምር ደግሞ የተሰነጠቀው ግድግዳ የሚቆም አይመስለንም።

ያልሰማችሁ ካላችሁ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት የትልቁ ክፍል ጣሪያ ወደ ውስጥ ተደረመሰ። የባሕር ዛፍ ወራጁን ምስጥ ውስጥ ውስጡን ጨርሶት ኖሯል። ከውጭ ሲታይ ቀለም የተቀባ ደህና እንጨት ነው። የዚያን ሌሊት ዝናብ ግን አልቻለውም። ሌሊት ስለነበር ሰው አልተጎዳም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሐምዱሊላህ። ቀን ቢሆን ኖሮ ከ20 የማያንስ ሰው ከሥሩ ነበር። አንዱ ግድግዳም አብሮ ተሰንጥቋል። የተረፈው ማእድ ቤቱና መጸዳጃው ብቻ ነው።

የቤቱን ታሪክ ለቡታጅራ ሰው መንገር አያስፈልግም። አገሩን ለቀው ለቆዩት ብቻ ትንሽ እንበል። በ1990 ዓ.ም. ገደማ ተመራማሪዎች በመስቃንና ማረቆ ቤት ለቤት እየዞሩ ከ68 ሺህ በላይ ሰው ስለ አእምሮ ሕመም ሲጠይቁ ብዙዎቻችን ገና ልጆች ነበርን። የቡታጅራ ስም በውጭ አገር የሕክምና መጽሔት ላይ ከሚጠራባቸው ጥናቶች አንዱ ይህ ነው። ያገኟቸውን ሕሙማን ለዓመታት ተከታተሏቸው። ከውጤቱ ሁሉ እኛን እንቅልፍ የነሳን አንዱ ነው። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ወደ 30 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያጣል። ሰው ሲሰማ ራሱን አጥፍቶ ይመስለዋል። እሱም አለ። ግን ብዙዎቹን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው። የተጎሳቆለ፣ ያልበላ፣ «እሱማ እብድ ነው» ተብሎ ጤና ጣቢያ ያልተወሰደ ሰው በቀላሉ ይሞታል።

ድሮ ሕክምና ማለት አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ነበር። 130 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የታመመ ሰው ይዞ፣ በሕዝብ አውቶቡስ። ሾፌሩ አልጭንም ሲል አይተናል። ተሳፋሪ ወርዶ ሌላ መኪና ሲይዝ አይተናል። ዛሬ እዚሁ ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ነርሶች አሉ። መድኃኒቱም አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እናመሰግናለን። ነገር ግን ነርሷ ታማሚውን በወር አንድ ቀን፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃ ነው የምታየው። የቀረውን 29 ቀን የምታየው እናት ናት። እህት ናት። ሚስት ናት።

አስታማሚ ሲባል ሰው የሚያስበው ሆስፒታል አልጋ አጠገብ ፔርሙስ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ነው። የአእምሮ ሕመም አስታማሚ ግን 10 ዓመት፣ 20 ዓመት ነው የሚያስታምመው። በር ላይ አንጥፎ ይተኛል። ቢላዋ ይደብቃል። ሰርግ አይሄድም። ሱቅ ቢኖረው ይዘጋዋል። እህቷ የታመመባት ልጅ ስትታጭ «በዘራቸው አለ» ተብሎ ነገሩ ይቀራል። ለቅሶ ስላልደረሰ ደግሞ እድሩ ይቀጣዋል። ይቺ የመጨረሻዋ ትንሽ ነገር ትመስላለች። አይደለችም። ሰው በጣም የሚያስፈልገው ጊዜ ላይ ከሰው የሚለየው በዚያ ነው።

ኮሚቴው መጀመሪያ የሠራው ሥራም ይህን ቅጣት ማስቀረት ነበር። እድሮቹን አንድ በአንድ አነጋገርን። ሦስት እድሮች ከባድ ታማሚ የሚጠብቅ አባል ለቅሶ ባይደርስ እንዳይቀጣ ወሰኑ። አንደኛው እድር ከዚያ አልፎ ዕቃ ቤቱ የነበረበትን ቦታ ሰጠን። በ2011 ዓ.ም. ሠራን፣ በ2012 ከፈትን።

በአምስት ዓመት ውስጥ 34 ቤተሰብ አስተናግደናል። ሁሉም ዳኑ አንልም። የሆነውን ግን እንናገራለን። አንድ ወጣት ወደ 10ኛ ክፍል ተመልሷል። ሁለቱ ሊስትሮ ይሠራሉ። አንዲት ልጅ ከዓረብ አገር ስትመለስ ስምንት ወር ሙሉ ቃል ከአፏ አልወጣም ነበር። መጀመሪያ የተናገረችው እኛ ማእድ ቤት ውስጥ ነው፤ ዳቦው እንዳያር አስጠነቀቀች። አሁን ዳቦ ጋግራ ትሸጣለች። ከቀሳውስቱና ከሼሆቹ ጋርም ተነጋግረን ተስማምተናል። ጸበል የሚጠመቀውም፣ ቁርኣን (ሩቅያ) የሚቀራበትም መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ እነሱ ራሳቸው ይመክራሉ። ይህን ስምምነት ለማግኘት ሁለት ዓመት ፈጅቶብናል።

ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ የአስታማሚዎች ቡና አለ። ነበረ ማለት ይሻላል። ታማሚዎቹ በአንደኛው ክፍል፣ አስታማሚዎቹ በሌላኛው። ስብሰባ አይደለም፤ ቃለ ጉባኤ አይያዝም። የመጣለትን ያወራል፣ ማልቀስ የፈለገ ያለቅሳል። ወንድሜ መኪና መስታወት በሰበረበት ሳምንት የረዳኝ ያ ቡና ነው። አጠገቤ የነበሩ አንድ አባት «የእኔም ባለፈው ዓመት ሰብሯል፤ ከባለመኪናው ጋር እኔ አነጋግርሻለሁ» አሉኝ። ሄደውም ጨረሱልኝ።

ይህ ነገር የእኛ ስሜት ብቻ አይደለም። አጠገባችን ሶዶ ወረዳ ላይ የተሠራ ጥናት በ2014 ዓ.ም. ታትሟል። የአካባቢው ሰዎች ሰልጥነው ቤት ለቤት እየሄዱ ታማሚውንና ቤተሰቡን ሲደግፉ፣ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው የጤና ጣቢያ ሕክምና ብቻ ካገኘው በተሻለ የዕለት ኑሮውን መምራት እንደሚችል አሳይቷል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ወሬ እንዳለ ሰምተናል። «ያ ሁሉ ብር የት ገባ?» የሚል ሰው ጠላታችን አይደለም፤ ያዋጣ ሰው መጠየቅ አለበት። በ2011 የወጣው 342,000 ብር ነው። ለቤቱ ግንባታ 246,000፣ ለማእድ ቤትና መጸዳጃ 71,000፣ ለአግዳሚ ወንበር፣ ለፍራሽና ለድስት 25,000። ደረሰኙ አለ። በየዓመቱ ሰኔ ላይ የእድሩ ሦስት ሽማግሌዎች መዝገቡን ያዩታል። ማንም ሰው መጥቶ ማየት ይችላል።

«ጣሪያው ለምን ያኔ በብረት አልተሠራም?» ለሚለውም መልስ አለን። ብረቱ 80,000 ብር ይጨምር ነበር። ያን ለመሙላት ደግሞ የማእድ ቤቱን ብር መንካት ነበረብን። እኛ ማእድ ቤቱን መረጥን። ለምን? መድኃኒቱ ያስርባል። ባዶ ሆዱን የዋጠ ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ይደክማል፣ በሳምንቱ ክኒኑን ይጥለዋል። እዚሁ ቡታጅራ ታማሚዎች መድኃኒት ለምን እንደሚያቋርጡ ሲጠየቁ አንዱ ዋና ምክንያት የሚበላ ማጣት ሆኖ ተገኝቷል። እኛ ግን ይህን ከቤታችን እናውቀዋለን። ዛሬም ብንጠየቅ ማእድ ቤቱን እናስቀድማለን።

አንድ ጥፋት አለብን። እንጨቱ በየዓመቱ የተቃጠለ ዘይት መቀባት ነበረበት። ያለፉትን ሁለት ዓመታት አልተቀባም። ያቺን ጥቂት ብር ለምሳ አዋልናት። ይቅርታ እንጠይቃለን።

ለሁለቱ ሴቶች በወር 1,500 ብር አበል መክፈላችንም ተወርቷል። አዎ፣ እንከፍላለን። ያበስላሉ፣ ያጥባሉ፣ የቀረውን ታማሚ ቤቱ ድረስ ሄደው ያያሉ። አንዷ ራሷ የታመመ ባል አስታማሚ ናት። ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ አበሉ ቆሟል። እነሱ ግን አሁንም በየቤቱ እየዞሩ ነው።

ለጥገናው የሚያስፈልገው 486,000 ብር ነው። ለጣሪያ ብረት 178,000። ለ90 ቆርቆሮ 88,200። ለግድግዳው 104,000። ለሠራተኛና ለመጓጓዣ 115,800። በእጃችን ያለው 171,300 ብር ነው። የሚጎድለው 314,700 ብር።

ለመስቀል ከአዲስ አበባና ከሌላም አገር የመጣችሁ ወገኖቻችን ድንኳን ውስጥ ተቀምጣችሁ 430,000 ብር ቃል ገብታችኋል። በዕለቱ እልል ብለናል፤ አልቅሰናል። እስከ ዛሬ የገባው 96,300 ነው። ማንንም ዋሾ አንልም። ኑሮ ከብዷል፣ የቤት ኪራይ ጨምሯል፣ እናውቃለን። 5,000 ቃል የገባ 1,000 ቢሰጥ የቀረው ይቅር እንላለን፣ አፉ ብለናል። ቃል ያልገባ 100 ብር ቢያስገባ ለአንድ ኪሎ ምስማር ይረዳል።

አባቶቻችን በ1950ዎቹ መንገድ ሥራ ማኅበር አቋቁመው፣ ከመርካቶ ሱቃቸው እያዋጡ መንገድ ያስጠረጉ ሰዎች ናቸው። ያኔም ኑሮ ቀላል አልነበረም። የታመመ መጠየቅ፣ የተራበ ማብላት፣ የታሰረ መፍታት ደግሞ በመስጊዱም በቤተ ክርስቲያኑም የታዘዝነው ነው። በእኛ ቤት ሦስቱም በአንድ ሰው ላይ ይገናኛሉ። ታሟል፣ ይርበዋል፣ ታስሯል።

አሁን እባካችሁ ይህን በጥንቃቄ አንብቡ። ገንዘቡ የሚገባው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ቡታጅራ በኮሚቴው ስም በተከፈተው ሒሳብ ብቻ ነው። ወጪ የሚደረገው በሦስት ሰው ፊርማ ነው። የሒሳብ ቁጥሩ ማኅተም ባለው ደብዳቤያችን ላይ አለ። ደብዳቤው ከዚህ ጥሪ ጋር ተያይዟል፤ በእድሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይም ተለጥፏል። በቴሌብር የምትልኩ ወደዚያው የባንክ ሒሳብ አስተላልፉ። ወደ ማንም ሰው ስልክ አትላኩ። ወደ እኔም ቢሆን። ውጭ አገር ያላችሁም በሰው እጅ አትስጡ፤ በባንክ ላኩ። በጥቅምት አንድ የውሸት ቁጥር ሲዞር ነበር። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት የሚመጣው ስም የኮሚቴው መሆኑን እዩ። ከላካችሁ በኋላ ደረሰኙን ለገንዘብ ያዡ አሳዩ፤ ስማችሁ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ስሙ እንዳይጠራ የሚፈልግም ይንገረን።

ገንዘብ የሌለው በጉልበት ይምጣ። ፍርስራሹን ማንሳት ገና አልጨረስንም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አካፋና ጋሪ ይዘን እዚያው ነን።

ግንበኛው ሰኞ የካቲት 2 ሊጀምር ተስማምቷል። እስከዚያ ቢያንስ የብረቱ ዋጋ መሙላት አለበት። አሁን ያለን 171,300፣ ብረቱ 178,000። ለመጀመር የጎደለን 6,700 ብር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው እንደገባ ይሠራል።

እኚያ እናት ሲወጡ ቤቱ መቼ እንደሚከፈት ጠየቁን። መጋቢት አልናቸው። የሒሳብ ቁጥሩ ደብዳቤው ላይ ነው። እባካችሁ ከደብዳቤው ላይ ብቻ ውሰዱት።